ምስክሩ ካረፈ በኋላም ጥያቄ የሚመልስ ምስክርነት፦ እንዴት ነው የሚሠራው?

የሞተ ሰው ጥያቄ ይመልሳል ቢባል ማንም መጀመሪያ ደንገጥ፣ ቀጥሎም ጠርጠር ይላል። መጠርጠሩም ልክ ነው። ነገር ግን አሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት፣ ቴሬ ሆት የምትባል ከተማ ውስጥ ኢቫ ኮር የመሠረቱት ሙዚየም አለ። ኢቫ በ10 ዓመታቸው ከመንታ እህታቸው ከሚሪያም ጋር አውሽዊትዝ የተባለው የናዚዎች የሞት ካምፕ ገብተው፣ መንገሌ የተባለው የናዚ ሐኪም በመንታ ልጆች ላይ ይፈጽም ከነበረው ሙከራ የተረፉ ሴት ናቸው። ያረፉት ጁላይ 2019 ነው። (እዚህ ላይ ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሙዚየሙ ውስጥ ግን ከዕረፍታቸው በኋላም ሰው ስክሪን ፊት ቆሞ «እህትዎስ ምን ሆነች?» ብሎ ሊጠይቃቸው ይችላል። ኢቫም ይመልሳሉ።

መልሱ ኢቫ በሕይወት እያሉ፣ ካሜራ ፊት ተቀምጠው፣ በራሳቸው አፍ የተናገሩት ነው። ኮምፒዩተሩ የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ከተቀረጹት መልሶች መካከል ለዚህ ጥያቄ የሚስማማው የቱ እንደሆነ ይመርጣል። አንዲት ቃል አይጨምርም። ነገሩ ሁሉ የቆመው በዚህች ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከተራ ቪዲዮ ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ ስለ ሆሎኮስት፣ ናዚዎች በአይሁዶች ላይ ስለፈጸሙት ጭፍጨፋ ማለት ነው፣ ፊልም ከሠራ በኋላ፣ በ1994 ከጭፍጨፋው የተረፉትን ሰዎች ቃል የሚሰበስብ ድርጅት አቋቋመ። ሾዓ ፋውንዴሽን ይባላል። ከ2006 ጀምሮ ያለው በደቡባዊ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ዛሬ መዝገቡ ውስጥ ከ55,000 በላይ ምስክርነቶች አሉ። አብዛኞቹ የሆሎኮስት ናቸው፤ የሩዋንዳ ቱትሲዎች፣ የአርመኖችና የቻይናዋ የናንጂንግ ከተማ ሰዎች ምስክርነትም አብሮ ተቀምጧል። ቀረጻው ሲደመር ከ100,000 ሰዓት ያልፋል። አንድ ሰው ሳይተኛ፣ ሳይበላ ልስማው ቢል ከ11 ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ታዲያ ማን ይሰማዋል? ተመራማሪ ይሰማዋል። አንድ የ14 ዓመት ተማሪ ግን ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ የማያውቃቸውን አዛውንት ቪዲዮ ማየት ይከብደዋል። እኚያው አዛውንት ትምህርት ቤቱ በአካል ቢመጡ ነገሩ ይለወጣል። ንግግራቸውን ጨርሰው «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ እጆች ይወጣሉ። ልጆች ከብዙ ዓመት በኋላ የሚያስታውሱትም ያንን ሰዓት፣ ያንን የራሳቸውን ጥያቄ ነው።

ችግሩ፣ ለጥያቄ የሚቀመጡት ሰዎች እያለቁ ነው። ከናዚ ጭፍጨፋ ለተረፉ አይሁዳውያን ካሳ የሚያስፈጽመው ክሌምስ ኮንፈረንስ በ2024 መጀመሪያ ላይ ባወጣው ግምት፣ በሕይወት የነበሩት 245,000 ገደማ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ከቀሩት ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ በ10 ዓመት ውስጥ ሊያልፉ እንደሚችሉ ገለጸ። ዛሬ በሕይወት ያሉት ያኔ ሕፃናት የነበሩት ናቸው።

ሄዘር ማዮ የተባለች የሙዚየም ዐውደ ርእይ ባለሙያ ያመጣችው ሐሳብ ከዚህ የተነሳ ነው። የጥያቄና መልሱን ሰዓት ለምን አንቀርጽም? ሾዓ ፋውንዴሽንና የዚያው ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ሐሳቡን ተቀብለው ለመጀመሪያው ሙሉ ቀረጻ ፒንሃስ ጉተር የተባሉ ሰው ተቀመጡ።

ጉተር በ1932 ፖላንድ፣ ሉጅ ከተማ የተወለዱ፣ እሳቸውም መንታ ናቸው። ቤተሰቡ በዋርሶ ጌቶ (ናዚዎች አይሁዶችን አጥረው ባስቀመጡበት ሰፈር) ከቆየ በኋላ በ1943 ወደ ማይዳኔክ ካምፕ ተጋዘ። አባት፣ እናትና መንታ እህታቸው ሳቢና በደረሱበት ቀን ተገደሉ። ከቤቱ ወሬ ነጋሪ ሆነው የቀሩት ፒንሃስ ብቻ ነበሩ። ዕድሜያቸው 11 ገደማ። ብዙ ካምፕ አይተው በ1945 ነፃ ወጡ፤ ኋላም ኑሯቸውን ካናዳ፣ ቶሮንቶ አደረጉ።

ቀረጻው በ2014 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተካሄደ። ጉተር የተቀመጡት በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ መብራቶች ባሉት ጉልላት ውስጥ፣ ወንበር ላይ ነው። ብዙ ካሜራዎች ከየአቅጣጫው ያነሷቸዋል። ዛሬ የምናየው ስክሪን ተለውጦ ነገ ምስሉን ከሁሉም ጎን ማሳየት ቢቻል፣ ያን ጊዜ ሰውየውን መልሶ መቅረጽ ስለማይቻል ነው ሁሉም አቅጣጫ አስቀድሞ የተያዘው።

እንዲህ ያለው ቀረጻ አምስት ቀን ያህል ይወስዳል። በየቀኑ ያው ልብስ ይለበሳል። አቀማመጡ ያው ነው፤ አንድ መልስ ሲጀመርም ሲያልቅም እጆች ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ለምን ቢባል፣ ሰኞ የተቀረጸው መልስ ሐሙስ ከተቀረጸው ቀጥሎ ሊጫወት ይችላል። አንገታቸው ዘንበል፣ ኮሌታቸው ተጣሞ ቢገኝ ጎብኚው ወዲያው ይነቃል። ምንም ሳይናገሩ ዝም ብለው የሚያዳምጡበትም ጊዜ ይቀረጻል። ጎብኚው ጥያቄውን እያሰበ ሳለ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ያ ነው፤ ሰውየው እየጠበቁት።

ጥያቄዎቹ ለአንድ ሰው 1,000 ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ናቸው። ከባዶቹን መገመት አያስቸግርም። እግዚአብሔር ያኔ የት ነበር? ጀርመኖችን ይጠላሉ? ልጅ ሆነው ሬሳ ሲያዩ ምን አሰቡ? ጥቃቅኖቹም አሉ። ምን ምግብ ይወዳሉ? ኳስ ያያሉ? ይዝፈኑልን? (ጉተር ዝፈኑልን ቢባሉ ይዘፍናሉ።) ጥቃቅኖቹ ለጨዋታ የገቡ እንዳይመስላችሁ። ልጅ ወዲያው ስለ ሞት አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ዙሪያውን ነው የሚዞረው። ስለ ምግብ ጠይቆ መልስ ሲያገኝ ድፍረት ያገኝና ወደዚያኛው ይሄዳል። ስለዚህ «ጥያቄው አልገባኝም፣ እስቲ ሌላ ጠይቁኝ» የሚለው ዓይነት መልስ እንኳ ሳይቀር ከሰውየው አፍ ይቀረጻል።

ለተናጋሪው ግን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በተለመደው ቃለ መጠይቅ ሰው ታሪኩን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲተርክ የከበደውን ነገር በራሱ ጊዜ ይደርስበታል። እዚህ ግን ያንኑ ቀን ከብዙ አቅጣጫ ይጠየቃል። ጉተር ስለ ሳቢና ሲጠየቁ የሚናገሩት ነገር በጣም ይታወቃል። ፊቷን ማስታወስ አይችሉም። ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት ወርቃማ ጉንጉን ፀጉሯን ነው፤ ትዝ የሚላቸውም እሱ ብቻ ነው። አብራው የተወለደችን እህት መልክ ስላጣ ሰው በመጽሐፍ ሊጻፍ ይችላል። አንድ ልጅ ጠይቆ ሲሰማው ግን ሌላ ነው፤ ጠያቂው ራሱ ነውና ጆሮውን ሊያነሳ አይችልም።

አሁን ወደ ማሽኑ። ጎብኚው ማይክ ላይ ሲናገር ሶፍትዌሩ መጀመሪያ ድምፁን ወደ ጽሑፍ ይቀይራል። ቀጥሎ ጽሑፉን ከዚህ በፊት ከተጠየቁ ጥያቄዎች ጋር ያመሳክራል። የተሻለ የሚገጥመውን መልስ አንስቶ ያጫውታል። ይኼው ነው። ከባዱ መሀል ላይ ያለው ማመሳከር ነው፤ ሰው አንዱን ነገር በመቶ መንገድ ይጠይቃልና። በእኛው ቋንቋ እንሞክረው፦

«እናትና አባትዎ የት ደረሱ?»
«ከቤት ሌላ የተረፈ ሰው አለ?»
«ብቻዎን ነው የቀሩት?»

ሦስቱ ጥያቄዎች በቃል ደረጃ የሚጋሩት ነገር የለም ማለት ይቻላል። የሚፈልጉት መልስ ግን አንድ ነው። በተቃራኒው «እናትዎ ምን ወጥ ይሠሩ ነበር?» የሚለው ከመጀመሪያው ጋር «እናት» የምትለዋን ይጋራል፣ መልሱ ግን ፍጹም ሌላ ነው። ስለዚህ ቃል በቃል መፈለግ አይበቃም። ለእያንዳንዱ መልስ ብዙ የአጠያየቅ ዓይነቶች ተመዝግበው ሶፍትዌሩ በእነሱ ይሠለጥናል። መጀመሪያ ላይ መልሱን የሚመርጠው ሰው ነው። ተማሪ ይጠይቃል፣ ባለሙያ ከጀርባ ሆኖ ተስማሚውን ቪዲዮ ይጫናል፣ ያ ምርጫ ለማሽኑ ትምህርት ይሆናል። መልስ ያልተገኘላቸው ጥያቄዎችም ይታወቃሉ። ሰውየው በሕይወት ካሉና አቅሙ ካላቸው፣ ለእነዚያ ጥያቄዎች ደግመው ይቀረጻሉ።

እንግዲህ ይህ ሶፍትዌር እንደ ደህና የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። የተጠየቀውን ፋይል ፈልጎ ያወጣል እንጂ ፋይሉ ላይ አይጽፍም። ከተሳሳተም የሚሳሳተው ሌላ ፋይል በማውጣት ነው። ስለ ምግብ ስትጠይቁ ስለ ባቡሩ ጉዞ ሊመልስላችሁ ይችላል። ያናድዳል፣ ግን ውሸት አይደለም። ያ ሰው ያንን ነገር ብሎታል።

ዛሬ ብዙዎቻችን ስልካችን ላይ የምናወራቸው የኤአይ (የሰው ሰራሽ አስተውሎት) መተግበሪያዎች አሠራር ከዚህ የተለየ ነው። እነሱ አረፍተ ነገሩን እዚያው ይፈጥሩታል። ዩኔስኮ በ2024 ስለ ሆሎኮስትና ሰው ሰራሽ አስተውሎት ባወጣው ሪፖርት፣ ከእነዚህ ማሽኖች አንዱ ናዚዎች አይሁዶችን በወንዝና በሐይቅ እያሰጠሙ ፈጁ የሚል፣ ያልነበረ ዘመቻ ፈጥሮ እንዳወራ አስፍሯል። ከታሪክ ሰዎች ጋር አወራርዳችኋለሁ የሚል መተግበሪያ ደግሞ ጎብልስን ከጭፍጨፋው የሚያነጻ መልስ ሰጥቷል። ጎብልስ ማለት የሂትለር የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ነው።

እኔ በዚህ ላይ ያለኝ አቋም አያወላውልም። የተረፈ ሰው ድምፅና መልክ ተወስዶ ያልተናገረውን እንዲናገር መደረግ የለበትም። ለበጎ ዓላማም ቢሆን፣ መልሱ ትክክል ቢሆንም እንኳ። ጭፍጨፋውን የሚክዱ ሰዎች ዛሬም አሉ። የሚፈልጉት አንዲት የተፈበረከች አረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሷን ይዘው ቀሪውን ሁሉ «ይሄም ኤአይ ነው» ለማለት። ኢቫ ኮር «ይህን አልጠየቃችሁኝም ነበር» የሚል መልስ ቢሰጡ፣ ያ ዝምታ ከሚያምር ልብ ወለድ ይበልጣል።

ይህ ማለት ነገሩ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ሁለት ነገር ይቆረቁረኛል።

አንደኛው፣ ታሪኩ ይበጣጠሳል። ሕይወት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲተረክ ራሱን የቻለ ትርጉም አለው፤ ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ያለው ሰላማዊ ኑሮ ካልተሰማ የጠፋው ምን እንደሆነ አይታወቅም። በጥያቄ ብቻ የሚሄድ ጎብኚ ግን ያልጠየቀውን አይሰማም። አምስት ቀላል ጥያቄ ጠይቆ፣ ዋናው ነገር ሳይነካ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ሙዚየሞች ሰውን ወደ ስክሪኑ ከመስደዳቸው በፊት አጭር የሕይወት ታሪክ ያሳያሉ። ጠያቂ የሚጠይቀው ትንሽ ሲያውቅ ነው።

ሁለተኛው፣ አንድ ሰው የሁሉም ወኪል ይመስላል። ኢቫ ኮርን እንውሰድ። በ1995፣ አውሽዊትዝ ነፃ የወጣበት 50ኛ ዓመት ሲከበር፣ ናዚዎችን ይቅር ብያለሁ ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ሌሎች የተረፉ ሰዎች ክፉኛ ተቆጡ፤ በሟቾች ስም ይቅር የማለት ሥልጣን ማን ሰጣት አሉ። ከኢቫ ጋር ብቻ ያወራ ልጅ «የተረፉት ይቅር ብለዋል» ብሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። በዚህ ጉዳይ ላይ የሌላውን ሰው ቁጣ መስማትም መብቱ ነው። አንድ ስክሪን ብቻ ባለበት ቦታ ይህንን ማሟላት ያለበት አስጎብኚው ወይም አስተማሪው ነው።

በነገራችን ላይ፣ ብዙ ዜናዎች «ሆሎግራም» እያሉ ይጽፋሉ። ቺካጎ አጠገብ ስኮኪ ባለው የኢሊኖይ ሆሎኮስት ሙዚየም በ2017 ለዚህ የተሠራ ትንሽ ቲያትር ተከፍቷል፤ እዚያ ምስሉ መድረክ ላይ የተቀመጠ ሰው ይመስላል። በአብዛኛው ቦታ ግን የሚታየው ሰው የሚያክል ተራ ስክሪን ነው። እውነቱን ለመናገር ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ሰው ጥያቄ ሲጠይቅ ዓይኑ የሚሄደው ወደ መልሱ ነው።

የሚያሳስበው ሌላ ነገር ባለቤትነት ነው። ሄዘር ማዮና ባለቤቷ ስቲቨን ስሚዝ ይህንኑ አሠራር ለማንኛውም ቤተሰብ የሚያቀርብ ስቶሪፋይል የተባለ ኩባንያ አቋቁመው ነበር። የስሚዝ እናት በ2022 ሲያርፉ ለቀስተኞች ቀድሞ በተቀረጸው ቪዲዮ ጥያቄ እየጠየቁ መልስ ሰሙ። በ2024 ግን ኩባንያው ከአበዳሪዎች የሚጠብቀውን የኪሳራ ሕግ ጥበቃ ለመጠየቅ ፍርድ ቤት ገባ። ሙዚየም ወይም ዩኒቨርሲቲ መቶ ዓመት አስቦ ይሠራል፤ ኩባንያ እንደዚያ አይደለም። የእናታችሁ ድምፅ የተቀመጠው አንድ ድርጅት ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ከሆነ፣ ድርጅቱ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው።

ቀረጻው ዛሬ በእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። በ1937 የጃፓን ጦር ናንጂንግ ሲገባ የ8 ዓመት ልጅ የነበሩትና ዘጠኝ ከነበሩት ቤተሰባቸው ሰባቱን ያጡት ሺያ ሹቺን የተቀረጹት በማንደሪን ቻይንኛ ነው። አውሽዊትዝ ውስጥ በእስረኛ ሴቶች ኦርኬስትራ ቼሎ በመጫወት የተረፉት አኒታ ላስከር ዎልፊሽ በጀርመንኛ ተቀርጸዋል። ሙኒክ ያለው ዩኒቨርሲቲም የራሱ ፕሮጀክት አለው።

በአማርኛስ? ጥያቄው ተገቢ ነው። እስራኤል ውስጥ በሄርጽል ተራራ ላይ፣ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲጓዙ በረሃና መጠለያ ውስጥ ላለቁት ቤተ እስራኤላውያን የቆመ መታሰቢያ አለ። ያለቁት ወደ 4,000 ይገመታሉ። ያንን መንገድ በእግራቸው የሄዱት አዛውንቶች የሚናገሩት አማርኛ ወይም ትግርኛ ነው። የልጅ ልጆቻቸው ግን በዕብራይስጥ ነው የሚያስቡት። አያትና የልጅ ልጅ አንድ ቤት እየኖሩ ትልቁን ታሪክ ማውራት የሚቸገሩበት ቤት ብዙ ነው። ይህ አሠራር እዚህ ላይ የተለየ ጥቅም ይኖረዋል፤ ጥያቄው በዕብራይስጥ ገብቶ መልሱ በአያት አማርኛ፣ ከሥሩ ትርጉም ተጽፎ ሊወጣ ይችላል።

አዲስ አበባም መስቀል አደባባይ ላይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ጎብኚዎችን ሲያስጎበኙ ከቆዩት መካከል ራሳቸው ታስረው፣ ተገርፈው የተረፉ ሰዎች አሉበት። ተገርፎ የተረፈ ሰው ራሱ ቆሞ ሲያስጎበኝ ጥያቄ የማይጠይቅ የለም። በ1969 ዓ.ም. 20 ዓመቱ የነበረ ወጣት ዛሬ ወደ 70 ተጠግቷል። የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ ያዩት ደግሞ ከሞላ ጎደል ቀድመውን አልቀዋል፤ ስድስት ኪሎ ያለውን ሐውልት ጠይቆ መልስ የሚያገኝ የለም።

ጉልላትና ብዙ ካሜራ ላይኖረን ይችላል። የአሠራሩ ዋናው ክፍል ግን ጥያቄው ነው፣ እሱ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ስልክ በማቆሚያ ላይ አድርጎ፣ ጥሩ ማይክ ሰክቶ፣ አንድን ጥያቄ ለብቻው፣ አንድን መልስ ለብቻው መቅረጽ ይቻላል። ፋይሉን በየጥያቄው ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ ነው። ማመሳከሪያው ሶፍትዌር ኋላ ሊመጣ ይችላል።

ጥያቄዎቹን ሕፃናት ጭምር ያዋጡ፤ አዋቂ ያፈረውን ልጅ ይጠይቀዋል። «አስፈሪ ነበር?» ከማለት «በሩ ሲንኳኳ ምን እያደረጉ ነበር?» ማለት ይሻላል። መልስ ካለቀ በኋላ ወዲያው አትዝለሉ፤ ትንሽ ዝም በሉ፣ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚመጣው ያኔ ነው። አልመልስም ያሉትን አትጫኑ፤ «ይህን ባልናገር እወዳለሁ» የሚለውንም ቅረጹት፣ እሱም መልስ ነው። ቅጂውን ቢያንስ ሁለት የተለያየ ቦታ አኑሩ። ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ የመጀመሪያው ቀረጻ ፈቃድ ይሁን። ማን እንዲያየው እንደሚፈቅዱ፣ ካረፉ በኋላ ማን እንዲጠብቀው እንደሚፈልጉ፣ ድምፃቸውን ወስዶ አዲስ ቃል ለሚፈጥር ማሽን ይፈቅዱ እንደሆነ ወይም እንደማይፈቅዱ፣ በራሳቸው አፍ ይናገሩት።